የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለዚህ ደብተር አንባቢዎች በሙሉ፣ ማለትም ለእኔ፣ እንዲሁም ደብተሩን የት እንደምደብቀው ላወቀችው ለምስማር፦ ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ዜና ከባድ ስለሆነ ቆማችሁ ስሙ። ቤታችን ተከሷል። ተከሳሿ እናቴ ናት። ዕድሜ ልኳን ከሰው ጋር ድምፅ ከፍ አድርጋ ያልተነጋገረች፣ መንገድ ለመሻገር እንኳ ሌላ ሰው እስኪሻገር የምትጠብቅ ሴት፣ ዛሬ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በፖስተኛ እጅ ተከሳሽ ሆነች።

ፖስተኛው "እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እናት" አላት። መነጽሯን ፈልጋ ፈረመች፣ አመሰገነችው፣ ውሃ አጠጥታ ሸኘችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች።

"ምን ይላል?"

"ሰላም ናችሁ ወይ ይላል" አልኳት።

አልሳቀችም።

ከሳሹ ሾፌሩ ነው። የእህቴ ባል፤ እህቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ልጁን ምስማርን አምጡ ነው የሚለው። ምስማር ሰባት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፦ ቀጭን ናት፣ ራሷ ትልቅ ነው፣ አንዴ ከገባች አትነቀልም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእኔና ከእማዬ ጋር ናት። አልጋ የምትጋራው ከእኔ ጋር ነው፣ ሌሊቱን ስትራገጥ ታድራለች። ብትወሰድ ቢያንስ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ።

የዚህ ፍርድ ቤት ሰዎች አፋቸው የእኛው ነው፣ ወረቀታቸው ግን እንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ወጣሁ ማለት አስወጡኝ። የርዕሰ መምህሩን ድምፅ አስመስዬ በድምፅ ማጉያው "ዛሬ ትምህርት የለም" ብል ተማሪው ሁሉ በደስታ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰው "ቴፕ" ብሎ የሚጠራኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ቢሆንም "ኮርት" እና "ከስተዲ" አይጠፉኝም፦ አንዱ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ልጅን ይዞ የማሳደግ መብት። ያልገባኝ ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ አንድ ነገር ነው። ቤስት ኢንተረስትስ ኦፍ ዘ ቻይልድ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4። በምሳ ሰዓት፣ ስፖንጅ ክምር ላይ

የምሠራው ሶፋ ማደሻ ነው። ጋሼ አጽሙንና ሞላውን ይሠራሉ፣ እኔ ልባሱን እሰፋለሁ። ከአሮጌ ሶፋ ሆድ የሚወጣ ነገር ሁሉ የእኔ ነው፦ የፀጉር ሽቦ፣ እርሳስ፣ አንድ ጊዜ የሰው ጥርስ። መዝገበ ቃላት ግን ከሶፋ ስለማይወጣ ከጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተዋስኩ።

"ቤስት" ምርጥ። "ቻይልድ" ልጅ። "ኢንተረስት" ግን አራት ነገር ነው፦ ፍላጎት፣ ጉጉት፣ ወለድ፣ ጥቅም። "የልጁ ምርጥ ወለድ" ብዬ ለጋሼ አነበብኩላቸው። ጋሼ ሲሠሩ ምስማሩን በከንፈራቸው ነው የሚይዙት። አንድ በአንድ አወጡና "ልጅቷ ባንክ ናት እንዴ?" አሉኝ። መልሰው ጎረሱት።

ከምሳ በፊት አንዲት ደንበኛ ደወለች። ሶፋዋ ገና አልተነካም። ጋሼ በዓይናቸው ለመኑኝ፣ ስልኩን ተቀበልኩና ሴትዮዋን አመጣኋት። ሴትዮዋ ማለት ያቺ በስልክ ውስጥ የምትኖረው ናት፦ "የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም፤ እባክዎን ቁጥሩን አረጋግጠው እንደገና ይሞክሩ።" ከእውነተኛዋ የሚለየኝ "እባክዎን" ላይ ብቻ ነው፣ እኔ ትንሽ አቆላምጠዋለሁ። ደንበኛዋ ዘጋች። ጋሼ ሳቅ አፍኗቸው ምስማሩን ሁሉ መሬት ላይ ተፉት።

ሴትዮዋ የምትመጣው ሥራ ቦታ ብቻ ነው፤ ምስማርም የሰማቻት እዚያ ስትመጣ ነው። ቤት አላመጣትም። ለምን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቸኩያለሁ። እማዬ ጠዋት ለጎረቤታችን ስታወራ ሰማኋት፦ "አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ ልጄ እንዴት ናት አላለም። አሁን ነው ልጅ ያለው መሆኑ ትዝ ያለው?"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ረፍዶብኝ ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 14

እማዬን ይዤ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ታይፕ መኪናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚሠራ ሰው ነው። ቁምነገረኛ ነው፣ ሊያስቁት ቢሞክሩ ሥራ አስፈታችሁኝ የሚል ዓይነት።

"ይጠይቃታል? ልብስ ይልካል? ይደውላል?"

"ምንም" አለች እማዬ። "ስልኬ ዘጠኝ ዓመት ያው ነው። አልተቀየረ፣ አልጠፋ።"

"ይሄ ነው ዋናው ነጥብ። ልጁን ጥሎ የጠፋ አባት። በዚህ ነው የምንረታው።" እኔን ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ከእሳቸው ጋር ነው የምትኖሪው? እውነት ነው?"

"እማዬ አትዋሽም" አልኩት።

እውነት ነው፣ አትዋሽም። የእሷ ጆሮ ከስልክ ጋር ስለማይስማማ ስልኳን የማነሳው እኔ ነኝ።

ማታ ምስማር ጥርሷን እየፋቀች፣ አፏ አረፋ ሞልቶ፦ "ቴፕዬ፣ አባቴ ቁጥራችንን አያውቀውም?"

"ትፊና ተናገሪ።"

ተፋች። ጥያቄውን ረሳችው። ወይም የረሳችው መሰለኝ።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ ባልና ሚስት ሱቃችን መጡ። ሚስት ወንበሩ ይለስልስልኝ ትላለች፣ ባል ወገቤን ያመኛል፣ ይጠንክር ይላል። ተጨቃጨቁ። ጋሼ ዝም ብለው ወንበሩን ገለበጡት፣ ልባሱን ቀደዱት፣ አጽሙን በመዶሻ ጭራ አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ባልየው።

"ወንበሩን እየጠየቅኩት ነው። የእናንተን ሰማሁ። ይሄ እንጨት ደግሞ ስንት ሞላ እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው። እናንተ የምትሉትን ባደርግ በስድስት ወር ይሰነጠቃል።"

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው፣ "ያ የእንግሊዝኛ ነገርሽ እንደዚህ ይመስለኛል" አሉኝ።

"የትኛው?"

"የልጅቷ። ሾፌሩ ስጡኝ ይላል፣ እናትሽ አልሰጥም ትላለች። ዳኛው ሁለቱንም ይሰማና ልጅቷን ያንኳኳል። ምን ትችያለሽ፣ ምን ያስፈልግሻል ብሎ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ፍርድ ቤቱ በመዶሻ ድምፅ ይደነቁር ነበር" አልኳቸው።

"እነሱም መዶሻ አላቸው" አሉ።

ምስማርን የሚያንኳኳት ሰው ውስጧ ምን ይሰማ ይሆን? ማታ ስትተኛ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። "ቀዘቀዘኝ ጆሮሽ" ብላ በእግሯ ገፋችኝ።


ዓርብ፣ የካቲት 28

ከፍርድ ቤት የተላከች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ዛሬ ቤታችን መጣች። ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ቦርሳዋ የደብተር። እማዬ ቤቱን ሁለት ቀን አጥባዋለች። እኔ ደግሞ ሁሉን አስታውሼ አንድ ነገር ረሳሁ። ከወር በፊት የእማዬን እንግዶች ለማስደንገጥ ብዬ፣ ከአሮጌ አሻንጉሊት ሆድ ያወጣሁትን፣ ሲጫኑት "ጲጥ" የሚል ነገር ሶፋው ውስጥ ሰፍቼው ነበር። ልክ እሱ ላይ ተቀመጠች።

ጲጥ።

ባለሙያዋ ተነሣች። ተቀመጠች። ጲጥ። ምስማር ከሳቋ ጋር እየታገለች ፊቷ ቀላ።

"ይህን የሠራው ማን ነው?" አለች ባለሙያዋ።

"አይጥ ነው" አለች ምስማር። እኔን ለማዳን። ለመንግሥት ሰው ዋሸች፣ በእኔ ምክንያት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎ ያዘጋጀሁት አልነበረም።"

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፣ እየጻፈችም ሆን ብላ አንዴ ተወዘወዘች። ጲጥ። ያኔ እማዬም ሳቀች፣ ከየካቲት ሦስት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጠጥ ቤት እንደገባ ሰው ድፍረት መጣልኝና ያንን ነገር ጠየቅኳት፦ "ቤስት ኢንተረስትስ ኦፍ ዘ ቻይልድ ምን ማለት ነው? ማነው የበለጠ የሚወዳት ማለት ነው?"

"አይደለም" አለች። "ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ማን የበለጠ ይወዳታል፣ ማን ተበደለ፣ ማን ጥፋተኛ ነው፣ እነዚህ የትልልቅ ሰዎች ጥያቄ ናቸው። ዳኛዋ የምትጠይቀው፣ ይህች ልጅ ደህና ሆና እንድታድግ የሚበጃት የቱ ነው ብላ ነው። የልጅቷ ጥቅም ከሁላችሁም ይቀድማል ማለት ነው። ከአያትም፣ ከአባትም።"

"ከአክስትም?"

"ከአክስትም።"

ከዚያ ምስማርን ለብቻዋ ወደ ግቢ ይዛት ወጣች። በመስኮት አየኋቸው፤ ምስማር በእጇ እያስረዳች ነበር፣ እንደ ጋሼ። ስትመለስ ምን ተባባላችሁ ብላት "ምስጢር ነው" አለችኝ። እራት ላይ ግን አላስቻላትም።

"አንድ ነገር ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ።"

"ብስክሌት አልሽ?"

"አይ። አባቴ ለምን እንደማይደውል ጠይቂልኝ አልኳት።"

እማዬ ሳህኑን አነሣች። እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4

እሺ። ምስማር ይህን ደብተር ብትገልጠውም እንዳታነብበው ይህን ገጽ ከሌላው ጋር እሰፋዋለሁ። መርፌም ክርም አለኝ።

እህቴ ስትቀበር ሾፌሩ አልነበረም። የአምስት ቀን መንገድ ርቆ፣ ጭነት ይዞ ነበር። የደረሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ዓይንህን አልየው" አለችው። ምስማር ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ተኝታ ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ብዙ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። ስልኩ እኔ ጋ ነበር። ቁጥሩን ሳየው እህቴ እስከ መጨረሻው ሰዓት "ደረሰ?" እያለች በር በሩን ስታይ የነበረችው ትዝ አለኝ። አነሣሁና ሴትዮዋን አመጣኋት። የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም። የሞተር ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዘጋው። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አሁን አላስታውስም።

አንድ ጊዜ ነው። አይ፣ ሁለት ጊዜ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ድረስ አባትየው ቤት መጥቶ ልጁን ለሁለት ሰዓት እንዲያያት ተፈቅዷል። ዛሬ መጣ። ጢሙን ዛሬ ጠዋት እንደተላጨ ያስታውቃል፣ አገጩ ላይ ቆርጦታል። በሩ ላይ ልክ ያን ቀን በቆመበት ቦታ ቆመ።

"ደህና ዋሉ፣ እማማ።"

"ግባ" አለች እማዬ። ዓይኑን አላየችም፣ ጫማውን አየች።

ምስማር ከኋላዬ ተለጠፈች። ሰውየው ከፌስታል ውስጥ አንድ ካርቶን አወጣ። ጫማ ነው፣ ቀይ፣ የአበባ ቁልፍ ያለው። የአራት ዓመት ልጅ እግር እንኳ አይገባበትም። እሱም ሲያያት ገባው፤ ካርቶኑን መልሶ ለመክደን ሞከረ።

"የዚያን ዓመት ነው የገዛሁት" አለ። "መኪናው ውስጥ ነበር። ልክሽን... እንዲህ የምታድጊ አልመሰለኝም።"

ምስማር ወጣች፣ ጫማውን ወሰደች፣ እጆቿን አስገባችበት፣ በእጆቿ ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረች። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። እስከ ሰውየው ድረስ ሄደች። ሰውየው ጠረጴዛውን ያይ ነበር፣ ቀና አላለም።

ከዚያ ለእማዬ ቀስ ብሎ፦ "ደውዬ ነበር፣ እማማ። ቁጥሩ ተቋርጧል ይላል። እኔን ለመሸሽ የቀየራችሁት መስሎኝ፣ ከበራቸው ካባረሩኝ ምን ብዬ እመጣለሁ ብዬ ተውኩት።"

"ዘጠኝ ዓመት ያልተቀየረ ቁጥር" አለች እማዬ። "ሰው እንዲህ አይዋሽም።"

አልተከራከረም። እኔ ብርጭቆ ለማጠብ ሄድኩ። የታጠበ ብርጭቆ ነበር።


እሑድ፣ መጋቢት 14

ሁለት አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው።

ምስማር ጫማውን ድመት እንደሚያቅፍ ሰው ይዛ ተኛች። ማለዳ ቁልፉ ጉንጯ ላይ ታትሞ ነበር።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ጋሼ ዛሬ "ምን ሆነሻል? ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በማንም አላሾፍሽም" አሉኝ። "ከቀልድ እየተመረቅኩ ነው" አልኳቸው። የአንዱን ሶፋ ልባስ ገልብጬ ሰፍቼ ኖሮ አስፈቱኝ። ስፌት ስፈታ ዋልኩ። ስፌት መፍታት ከመስፋት በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ክሩን አንድ በአንድ ነው የምትበጥሺው።

"ጋሼ፣ ወንበሩን ሲያንኳኩት ተሰንጥቄያለሁ ቢልዎትስ? የሰነጠቁት እርስዎ ቢሆኑስ?"

መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ያኔ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ" አሉ። "ልባስ አልብሼ አልሰጠውም።"


እሑድ፣ ሚያዝያ 5

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ። አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አሥራ አንድ። በስምንት ወር ውስጥ፣ ከዚያ ተስፋ ቆረጠ። እውነተኛዋ ሴትዮ ስልኩ ሳይጠራ ነው የምትናገረው፣ እኔ ግን ከጠራ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ያስተውለዋል ብዬ እጠብቅ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለካ ይህን አያስተውልም።

ብናገር ምስማርን ይወስዷታል። ባልናገር ትቀራለች፣ ጥርሷን በፋቀች ቁጥርም ትጠይቀኛለች።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ረጅም ነው።

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከሥሩ ስፖንጁ ያለቀ፣ ጋሼ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። እማዬ ከበሩ አጠገብ፣ ሾፌሩ ከወዲያ ማዶ ውሃ መቅጃው ጋ ቆሟል። ምስማር መሐላችን ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ጠባቂው ባለጉዳይ ለመጥራት በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

"ቴፕዬ፣ ሴትዮዋን አምጫት።"

"ዛሬ ሴትዮዋ እረፍት ላይ ናት።"

"ትንሽ ብቻ። ሆዴን እያመመኝ ነው።" ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምስማር ወድቃ አታለቅስም፣ መርፌ ተወግታ አታለቅስም። ጎንበስ አልኩና በጆሮዋ፣ በቀስታ፦ "የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም፤ እባክዎን ቁጥሩን አረጋግጠው..."

ምስማር ፈገግ አለች። እኔ ቀና ስል ሾፌሩ እያየኝ ነው። ኩባያው ሞልቶ ውሃው በእጁ ላይ ይፈሳል፣ ቧንቧውን አልዘጋውም። ያቺን "እባክዎን" አወቃት። አሥራ አንድ ጊዜ የሰማት ሰው እንዴት አያውቃት።

ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

ስማችን ተጠርቶ ገባን። ምስማርን ባለሙያዋ ውጭ ይዛት ቀረች። ዳኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ማመልከቻችንን አነበቡና ሾፌሩን ጠየቁት፦ "አራት ዓመት ያልደወሉበት ምክንያት ምንድን ነው? በክስዎ ላይ ቁጥሩ ተቋርጦ ነበር ብለዋል። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።"

ሁሉ ነገር እጁ ላይ ነበር። ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር ያበቃል። ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እማዬ።

"የመስመር ችግር ይሆናል፣ ክብርት ዳኛ" አለ። "መንገድ ላይ መስመር ያስቸግራል። ደጋግሜ መሞከር ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ዳኛዋ ጻፉ። እስኪብርቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ።

"ምስክር ነሽ?" አሉ ዳኛዋ።

"አይደለሁም፤ ሶፋ ሠሪ ነኝ።"

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ዋጠው።

"የመስመር ችግር አልነበረም" አልኩ። "መስመሩ እኔ ነኝ።"

"አልገባኝም።"

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ዓይኔን ጨፈንኩና ሴትዮዋን አመጣኋት፣ ሙሉውን፣ ከነ"እባክዎን"ዋ። ጸሐፊው ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩን አውጥቶ አየ። በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፅ አስመስዬ ማንም ያልሳቀበት ቀን ያ ብቻ ነው።

"ስንት ጊዜ?" አሉ ዳኛዋ።

"አሥራ አንድ።"

"እናትሽ ያውቃሉ?"

"አታውቅም። እማዬ አትዋሽም።"

"ለምን አሁን ተናገርሽ? ይህ እናንተን እንደሚጎዳ ታውቂያለሽ?"

ብዙ አስቤበት የነበረ ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ኢንተረስት፣ ስለ ወንበሩ አጽም። ሁሉም ጠፋብኝ። "ልጅቷ አባቴ ለምን አይደውልም እያለች ነው" አልኩ። "መልሱ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።"

ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። እማዬን አላየኋትም። ማየት አልቻልኩም።

ዳኛዋ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋገሩ፣ ምስማርን ለብቻዋ አስጠርተው አናገሯት፣ ከዚያ ወሰኑ። ምስማር ትምህርት ባለበት ቀን እማዬ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ አባቷ ጋ ትሆናለች፣ ከስድስት ወር በኋላም እንደገና ይታያል። አባትየው በየቀኑ ይደውላል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና እኔን እያዩ ጨመሩ፦ "ስልኩንም የምታነሣው ሕፃኗ ራሷ ትሆናለች። ይህም ይጻፍ።"

ወረቀቱ ላይ ያ ነገር እንደገና አለ። ቤስት ኢንተረስትስ ኦፍ ዘ ቻይልድ። አሁን መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ሦስት ቀን። እማዬ አላናገረችኝም። አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም፤ ሻዬን እንደ ወትሮው አስቀመጠችልኝ። ስልኳን ግን ኪሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።

ዛሬ ማታ ልብስ ሳጣጥፍ መጣችና የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ሁለታችንም ዘርግተን፣ ተጠጋግተን፣ ጫፍና ጫፍ ስናገናኝ እጇ እጄን ነካ።

"ዓይንህን አልየው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ ድምፅ ሰጠሽው እንጂ ቃሉ የእኔ ነበር።"

"እማዬ..."

"ዝም በዪ። ሳብ አድርጊው፣ ተጨማዷል።"

ሳብ አደረግኩት።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ጠዋት አባቷ ሊወስዳት መጣ። ቦርሳዋን እኔ ሸከፍኩ፦ ፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀይ ጫማ ለእጇ። አባቷ በሩ ላይ ሲቆም "ይቅርታ" ልለው ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን "ሌሊት ትራገጣለች፣ ተጠንቀቅ" ነው።

"እናቷም ትራገጥ ነበር" አለኝ። ከዚያ፣ ትንሽ ቆይቶ፦ "ድምፅሽ ጎበዝ ነው። ትክክለኛዋን መስለሽኝ ነበር።"

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም። እማዬ "ነገ ስትመጡ ምሳ እዚህ ነው" አለችው። ዓይኑን እያየች።

ቀኑን ሙሉ ጸጥታ። አልጋው ላይ ተጋደምኩ፣ እግሬን ዘረጋሁ። አልጋው ሰፊ ነው። ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ስልኩን ከእማዬ ተቀበልኩና ወደ አባቷ ቁጥር ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ። ከዚያ ቀጭን፣ በጣም ቁምነገረኛ ድምፅ፦

"የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም፤ እባክዎ...ን ነገ ጠዋት እንደገና ይሞክሩ።"

"እባክዎን"ን ከእኔ በላይ አቆላመጠችው። ከኋላዋ አንድ ትልቅ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፣ ከዚያ እሷም መያዝ አቃታት።

"ከጠራ በኋላ አይደለም የምትናገረው፣ ማታለልሽ ያስታውቃል" አልኳት።

"ቴፕዬ፣ እዚህ የምረግጠው ሰው የለም። ብቻዬን ነው ያስተኛኝ።"

"ግድግዳውን ርገጪ።"

"ረገጥኩት። አይገፋኝም።"

ሁለት ሌሊት ነው፣ ነገም ለምሳ ይመጣሉ። የአባቷ ቤት በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም በሁሉም ፌርማታ ቆሞ። ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ናት። ለዚህ ደብተር አንባቢዎች በሙሉ፦ መጀመሪያ ላይ ቆማችሁ ስሙ ብያችሁ ነበር። ተቀመጡ። ያን ያህል ነገር አልነበረም።